አባ ፍራኔ ቡሊች፦ የሰማዕታትን መቃብር ቆፍረው እውነቱን የጻፉ ካህን

በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ዓመተ ሰማዕታት የሚባል አቆጣጠር እንዳለ ብዙዎቻችን እናውቃለን። አቆጣጠሩ የሚጀምረው ዲዮቅልጥያኖስ በሮም መንግሥት ላይ ከነገሠበት ዓመት፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ284 ነው። በዚህ ንጉሠ ነገሥት ዘመን የፈሰሰው የክርስቲያኖች ደም እንዳይረሳ ሲባል ዘመኑ በሰማዕታት ስም ተጠራ። ስንክሳር በሚነበብበት ጊዜም የዲዮቅልጥያኖስ ስም ደጋግሞ ይሰማል። ሆኖም ይህ አሳዳጅ ንጉሥ በመጨረሻ ወዴት እንደ ሄደ፣ የት እንደ ተቀበረና መቃብሩም በኋላ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። መልሱ ግን የሚያስደንቅ ነው። ለራሱ ያሠራው የመቃብር ሕንፃ ዛሬ ካቴድራል ነው፤ በእርሱ ዘመን በተገደለ ጳጳስ ስም ይጠራል፤ መሥዋዕተ ቅዳሴም ይቀርብበታል።

ይህ ካቴድራል በክሮኤሽያ አገር፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ስፕሊት በምትባል ከተማ ይገኛል። የዚያን ምድር ጥንታዊ ቅርስ ለሃምሳ ዓመት ያህል በመቆፈር፣ በመጠበቅና ያገኙትንም በጥናት መጽሔት ለዓለም በማሳወቅ የታወቁት አባ ፍራኔ ቡሊች የሚባሉ ካህን ናቸው። በዚህ እትማችን የእኚህን ካህን ሕይወት ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልናቀርብ ወደናል። ምርጫችን ሊቅ ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። የሚወዱት ቅዱስ ታሪክና በእጃቸው ያለው ማስረጃ ሳይስማሙ በቀሩ ጊዜ አንድ ካህን ምን ማድረግ እንደሚገባው በሥራቸው ስላሳዩን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

የተወለዱባት ምድር

ድልማጥያ የሚለው የአገር ስም ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባብያን እንግዳ አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክቱ ደቀ መዝሙሩ ቲቶ ወደዚያ እንደ ሄደ ይነግረናል። በሮማውያን ዘመን የድልማጥያ ዋና ከተማ ሳሎና ነበረች። ሳሎና ወደብ፣ ቲያትር፣ መታጠቢያ ቤቶችና ሕዝብ የትግል ትርዒት የሚያይበት ታላቅ ክብ አደባባይ የነበራት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ የክርስቲያን ማኅበር ተመሠረተ፤ ጳጳስም ተሾመላት። በ303 ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያኖች ላይ የስደት ዐዋጅ ባወጣ ጊዜ ግን ማኅበሩ ተበተነ። በ304 ጳጳሱ ዶምኒዮስ ተገደለ። በዚያው ዓመት ከአኲሌያ የመጣ አንስጣስዮስ የሚባል ልብስ አጣቢም ሰማዕትነትን እንደ ተቀበለ ይነገራል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ305፣ ዲዮቅልጥያኖስ ዙፋኑን በፈቃዱ ለቀቀ። ከሳሎና ብዙም በማይርቅ የባሕር ዳርቻ ላይ እንደ ምሽግ የተገነባ ታላቅ ቤተ መንግሥት አሠርቶ ነበርና የቀረ ዕድሜውን በዚያ አሳለፈ። በግቢው ውስጥም ስምንት ማዕዘን ያለው የመቃብር ሕንፃ ለራሱ አዘጋጀ። በሰባተኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ሳሎና በአቫሮችና በስላቮች ወረራ ጠፋች። ከሞት የተረፈው ሕዝብ ከፊሉ ወደ ደሴቶች ሸሸ፤ ከፊሉም ወደ ባዶው ቤተ መንግሥት ገብቶ በግንቡ ውስጥ መኖር ጀመረ። የስፕሊት ከተማ አመሠራረት ይህ ነው። ስደተኞቹ የንጉሡን መቃብር ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ የዲዮቅልጥያኖስ ዐፅም የት እንደ ደረሰ አልታወቀም። ዛሬ በዚያ ሕንፃ ውስጥ በ15ኛው ምእተ ዓመት የተሠሩ የቅዱስ ዶምኒዮስና የቅዱስ አንስጣስዮስ መንበሮች ይታያሉ። በ1214 አንድሪያ ቡቪና የሚባል ሠዓሊ የጌታችንን ሕይወት የቀረጸባቸው የእንጨት መዝጊያዎችም እስካሁን አሉ።

ፍራኔ ቡሊች ጥቅምት 4 ቀን 1846 የተወለዱት ከሳሎና ፍርስራሽ አጠገብ በምትገኝ ቭራኚጽ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ነው። በዚያ ዘመን ድልማጥያ በኦስትሪያ መንግሥት ሥር ነበረች። በጥንቷ ከተማ ላይ ወይን ተተክሎ ነበርና ገበሬው መሬቱን በቆፈረ ቁጥር የተጠረበ ድንጋይ ያወጣ ነበር። ጽሑፍ ያለበት ድንጋይም ቢሆን ለአጥርና ለቤት ግንብ ይውላል፤ ወይም እየተቃጠለ ኖራ ይሆናል። ፍራኔ ያደጉት የሰማዕታት መቃብር ከእግራቸው በታች ባለበትና ማንም በማያውቀው ስፍራ ነው ማለት ይቻላል።

ክህነትና ትምህርት

ወጣቱ ፍራኔ በስፕሊት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ በዛዳር ከተማ ዘርአ ክህነት ገብተው ነገረ መለኮት ተማሩ። በ1869 ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ። አለቆቻቸው ችሎታቸውን አይተው ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ላኳቸው። በዚያም የግሪክና የላቲን ቋንቋዎችን፣ እንዲሁም አርኪዎሎጂ የሚባለውን የጥንታዊ ቅርስ ጥናት ተከታተሉ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ ማስተማር ነበር፤ በዱብሮቭኒክና በሌሎችም የድልማጥያ ከተሞች አገለገሉ።

በ1883 ወደ ስፕሊት ተዛወሩ። በዚያ የከተማይቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኑ፤ የአርኪዎሎጂ ቤተ መዘክሩንም የመምራት ኃላፊነት ተጣለባቸው። የአካባቢውን ጥንታዊ ሕንፃዎች የመጠበቅ ሥራም ተጨመረላቸው። ቤተ መዘክሩ በ1820 የተቋቋመ ነው፤ ይሁን እንጂ በቤተ መንግሥቱ ምሥራቃዊ ግንብ አጠገብ ያለው ቤቱ ጠባብ ነበር። ከሳሎና የሚመጣው ድንጋይ ሲበዛ ማኖሪያ ጠፋና ቅርሱ በከተማው ውስጥ በተለያዩ ስፍራዎች ተቀመጠ። አባ ፍራኔ ለአዲስ ሕንፃ ብዙ ዓመት ደከሙ። ሕንፃው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ተጀምሮ ለሕዝብ የተከፈተው በ1922 ነው። እርሳቸውም ከአርባ ዓመት በላይ ቤተ መዘክሩን መርተዋል።

በየዓመቱ የታተመው መጽሔት

እዚህ ላይ ስለ አንድ መጽሔት በዝርዝር መናገር ያስፈልገናል፤ የአባ ፍራኔ ሥራ ያለ እርሱ አይታወቅምና። በ1878 የቤተ መዘክሩ የቀድሞ ኃላፊ ሚሆቪል ግላቪኒችና ዮሲፕ አላቼቪች የድልማጥያን የአርኪዎሎጂና የታሪክ ጥናት የሚያወጣ መጽሔት በስፕሊት ማሳተም ጀምረው ነበር። በሮም ከተማም ታላቁ የካታኮምብ መርማሪ ጆቫኒ ባቲስታ ዴ ሮሲ ከ1863 ጀምሮ የክርስቲያን አርኪዎሎጂ መጽሔት ያወጡ ነበር። የድልማጥያው መጽሔት ዓላማው በአንድ አገር ብቻ የተወሰነ ነው፤ ይኸውም በዚያች ምድር የሚገኘውን ጽሑፍ፣ ሕንፃ፣ ሥዕልና ቅርጽ መመዝገብ ነው። አባ ፍራኔ ወደ ቤተ መዘክሩ ከመጡ በኋላ የመጽሔቱን ዝግጅት ተረክበው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በትጋት መሩት፤ ከሁሉ የሚበልጠውንም ክፍል ራሳቸው ጻፉት።

የመጽሔቱ አሠራር ቀላል ይመስላል። አንድ ገበሬ በወይን ቦታው ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ሲያገኝ፣ ድንጋዩ የተገኘበት ስፍራ ይመዘገባል፤ የፊደሉ ዓይነትና የተሰበረው ክፍል ይገለጻል፤ ጽሑፉ እንዳለ ይገለበጣል፤ ከዚያም የሚነበብበት መንገድና ትርጉሙ ይብራራል። ይህ ሁሉ ታትሞ በሚወጣበት ጊዜ ያ ድንጋይ ዳግመኛ አይጠፋም። ግንብ ውስጥ ቢገባ፣ ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር እንኳ ቃሉ በወረቀት ላይ ይኖራል። ሌላም ጥቅም ነበረው። በሌላ አገር ያለ ሊቅ የተጻፈውን አንብቦ ንባቡ ትክክል ካልመሰለው መከራከር ይችላል። ስለዚህ መጽሔቱ የሚሰጠው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን እርማትን የመቀበል ልማድም ነበር። መጽሔቱ በልዋጭ ወደ ሌሎች የጥናት ማኅበራት ይላክ ስለ ነበር በአጸፋው የሚመጡት መጻሕፍት የቤተ መዘክሩን ቤተ መጻሕፍት አበለጸጉት።

መጽሔቱ በመጀመሪያ የሚታተመው በጣሊያንኛ ነበር፤ በዚያ ዘመን በድልማጥያ ከተሞች የምሁራን ቋንቋ እርሱ ነበርና። በ1920 ግን ስሙ ወደ ክሮኤሽያ ቋንቋ ተለወጠ። ዛሬም የስፕሊት የአርኪዎሎጂ ቤተ መዘክር ያሳትመዋል። ከ140 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መጽሔት መሆኑ ነው። በዚህ ዘመን ውስጥ አገሪቱ ከኦስትሪያ መንግሥት ወደ ዩጎዝላቪያ፣ በመጨረሻም ወደ ነጻ ክሮኤሽያ ተሸጋግራለች፤ ሁለት የዓለም ጦርነቶችም አልፈዋል።

ከምድር የወጡ ምስክሮች

ከአባ ፍራኔ ግኝቶች መካከል ሁለቱን ብቻ እንጠቅሳለን። በ1891 ከሳሎና በላይ በሚገኘው ሪዢኒጼ በሚባል ስፍራ ሲቆፍሩ ከአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ መጋረጃ ግንብ የተሰበረ ድንጋይ አገኙ። በድንጋዩ ላይ በዘጠነኛው ምእተ ዓመት ክሮኤሽያን የገዛው የመስፍኑ የትርፒሚር ስም ተቀርጾ ነበር። የዚህ መስፍን የስጦታ ሰነድ ለእኛ የደረሰው በኋላ ዘመን በተጻፈ ግልባጭ ብቻ ነው። ድንጋዩ ግን በራሱ ዘመን የተቀረጸ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ግኝት በ1898 የእመቤታችን ደሴት ተብላ በምትጠራው የሶሊን ስፍራ የተገኘው ነው። እዚያ በነበረው የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ውስጥ በብዙ ስብርባሪ የተበተነ የመቃብር ጽሑፍ ተገኘ። ስብርባሪዎቹ አንድ በአንድ ተሰብስበው በተገጣጠሙ ጊዜ በ976 ያረፈች የሌና የምትባል ንግሥት መቃብር መሆኑ ታወቀ። የሌና በእኛ አጠራር እሌኒ ማለት ነው። ጽሑፉ የንጉሥ ሚካኤል ሚስትና የንጉሥ እስጢፋኖስ እናት እንደ ነበረች ይገልጻል። እንዲሁም ለሙት ልጆች እናት፣ ለመበለቶችም ጠባቂ እንደ ነበረች ይመሰክራል። በዚህ አንድ ድንጋይ ምክንያት የዚያ ዘመን ነገሥታት የትውልድ ሐረግ ግልጽ ሆነ። አንድ ሕዝብ የነገሥታቱን ቅደም ተከተል ያወቀው ድኾችን በረዳች ሴት መቃብር ላይ መሆኑ ለእኛ ለክርስቲያኖች የተለየ ትርጉም አለው።

ነሐሴ 1894 ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ የጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ቅርስ መርማሪዎች በስፕሊትና በሳሎና ተሰበሰቡ። ይህ የክርስቲያን አርኪዎሎጂ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲሆን ከዋነኞቹ አዘጋጆች አንዱ አባ ፍራኔ ነበሩ። በዚያው ዓመት የአገራቸውን ጥንታዊ ታሪክ የሚመረምር ቢሃች የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። በ1898 ደግሞ በሳሎና ፍርስራሽ መካከል ቱስኩሉም ብለው የሰየሙትን ቤት ሠሩ። ግድግዳው ከጥንታዊት ከተማ በተገኙ ዐምዶችና የተቀረጹ ድንጋዮች ያጌጠ ነው። ለቆፋሪዎችና ለእንግዶች ማረፊያ፣ ለእርሳቸውም የሥራ ቤት ሆነ።

ስለ ቅዱስ ዶምኒዮስ የተነሣው ክርክር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። የስፕሊት ሕዝብ ቅዱስ ዶምኒዮስን ከጥንት ጀምሮ ጠባቂ ቅዱስ አድርጎ ያከብረዋል፤ በዓሉም ግንቦት 7 ቀን ይከበራል። ለብዙ ምእተ ዓመታት የነበረው ትውፊት ዶምኒዮስ የቅዱስ ጴጥሮስ ደቀ መዝሙር እንደ ነበረና ሐዋርያው ራሱ ወደ ሳሎና እንደ ላከው ያስተምር ነበር። በ13ኛው ምእተ ዓመት የስፕሊትን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የጻፈው ሊቀ ዲያቆናት ቶማስም ይህን መዝግቧል። ነገሩ የመንፈሳዊ ፍቅር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። መንበሩ ከሐዋርያ የተገኘ ነው መባሉ ለከተማይቱ ጳጳሳት ታላቅ ክብርና ሥልጣን አስገኝቷል። በ925 በስፕሊት ተደረገ በሚባለው ጉባኤ ስለ ሊቀ ጵጵስናው የበላይነት ሲወሰን እንደ ምክንያት የቀረበው ይህ ትውፊት ነበር። እንግዲህ ትውፊቱን የሚነካ ሰው የከተማውን የአንድ ሺህ ዓመት ክብር የሚነካ ሆኖ ይታያል።

አባ ፍራኔ ግን ማናስቲሪኔ በሚባለው ከሳሎና ግንብ ውጭ ባለ የመቃብር ስፍራ ቁፋሮ ይመሩ ነበር። በዚያ ስፍራ መጀመሪያ ትንሽ የመታሰቢያ ቤት፣ በኋላም ታላቅ ባዚሊካ ተሠርቶ ነበር። በባዚሊካውም ዙሪያ ምእመናን በሰማዕቱ አጠገብ ለመቀበር ብለው የድንጋይ ሣጥኖቻቸውን ደርድረዋል። ከመቃብሮቹ አንዱ የፕሪሙስ የሚባል የሳሎና ጳጳስ ነው። በላዩ ላይ የተጻፈው ፕሪሙስ የሰማዕቱ ዶምኒዮ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ መሆኑን ይናገራል። ፕሪሙስ ጳጳስ የነበረው በአራተኛው ምእተ ዓመት ነው። ታዲያ አጎቱ በመጀመሪያው ምእተ ዓመት ከቅዱስ ጴጥሮስ ጋር የነበረ ሰው ሊሆን እንዴት ይችላል? በዚህ ላይ በሮም በላተራን የጥምቀት ቤት አጠገብ ድልማጥያዊው ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 4ኛ በሰባተኛው ምእተ ዓመት ባሠሩት ጸሎት ቤት ውስጥ ዶምኒዮስ ከሌሎች የሳሎና ሰማዕታት ጋር በሞዛይክ ተሥሎ ይታያል። ማስረጃው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አመለከተ። ዶምኒዮስ በ304 በዲዮቅልጥያኖስ ስደት የተገደለ የሳሎና ጳጳስ ነው።

አባ ፍራኔ ይህን ሳይሸሽጉ ጻፉ። በመጽሔታቸውና በሌሎችም ጽሑፎቻቸው ማስረጃውን አቀረቡ። በ1912 እና በ1913 ከዮሲፕ ቤርቫልዲ ጋር በመሆን የሳሎና ጳጳሳትን ቅደም ተከተል የሚመረምር መጽሐፍ አሳተሙ። ተቃውሞው ብርቱ ነበር። የትውፊቱ ተከላካዮች መልስ ጻፉ፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። ካህን ሆነው፣ የዚያው አገር ተወላጅ ሆነው፣ የገዛ ከተማቸውን ከሐዋርያዊነት ክብር አወረዱ ተብለው መታየታቸው ቀላል ሸክም እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

ይሁንና ነገሩን በእርጋታ ለሚያስብ ሰው አባ ፍራኔ ከሕዝባቸው የወሰዱት ምንድር ነው? ወንጌል በጥንት ዘመን ወደ ድልማጥያ መድረሱን አልካዱም፤ የቲቶ ጉዞ በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፏልና። ለቅዱሱ የሚገባውንም ክብር አልቀነሱም። ሰማዕትነቱን ያረጋገጠው የእርሳቸው ቁፋሮ ነው። ቀድሞ ሕዝቡ የሚያውቀው በሩቅ ዘመን የነበረን፣ ታሪኩ ግልጽ ያልሆነን ቅዱስ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መቃብሩ የሚታይ፣ የሥጋ ዘመዱ በስም የሚታወቅ፣ በገዛ ከተማው ከምእመናኑ ጋር መከራ የተቀበለ እረኛ አገኘ። የአሳዳጁ መቃብር የተሰደደው ጳጳስ ካቴድራል የመሆኑ ታሪክም ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ዶምኒዮስ የዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ሰማዕት ሲሆን ነው። ዛሬ ዶምኒዮስ በ304 የተሠዋ መሆኑ በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል። የግንቦት 7 በዓልም አልቀረም፤ ሕዝቡ በየዓመቱ በደስታ ያከብረዋል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

አባ ፍራኔ አገራቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ለክሮኤሽያ ሕዝብ ቋንቋና ታሪክ ብዙ ደክመዋል። ይሁን እንጂ የአገር ፍቅር ለቅርስ ከሚገባው ጥንቃቄ እንዲቀድም አልፈቀዱም። በ1929 ስመ ጥሩው ቀራጺ ኢቫን መሽትሮቪች የ10ኛው ምእተ ዓመት ጳጳስ የነበረውን የኒን ከተማውን ጎርጎርዮስ እጅግ ግዙፍ ሐውልት ሠራ። ሐውልቱም በዲዮቅልጥያኖስ ቤተ መንግሥት መካከለኛ አደባባይ፣ በካቴድራሉ ፊት እንዲቆም ተወሰነ። ሕዝቡ ጎርጎርዮስን የብሔራዊ ክብር ምልክት አድርጎ ያየው ነበር። ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው አባ ፍራኔ ግን ጥንታዊው አደባባይ የራሱ ልክና ስምም እንዳለውና ግዙፉ ሐውልት ያንን እንደሚያበላሽ በማመን ተቃወሙ። አልተሰሙም፤ ሐውልቱ ቆመ። በ1941 የኢጣሊያ ወራሪ ኃይል ከስፍራው አነሣው። ከጦርነቱ በኋላ በ1954 ሲተከል ወደ አደባባዩ አልተመለሰም፤ ከቤተ መንግሥቱ ሰሜናዊ በር ውጭ ቆመ፤ እስካሁንም በዚያ አለ። የቤተ መንግሥቱ ቅጥርና የስፕሊት ጥንታዊ ክፍል በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

በ1924 የአገራቸውና የውጭ አገር ሊቃውንት በስማቸው የጥናት ጽሑፎች ስብስብ አሳትመው አበረከቱላቸው። በ1927 ከልዩቦ ካራማን ጋር ስለ ዲዮቅልጥያኖስ ቤተ መንግሥት ሰፊ መጽሐፍ አወጡ። በሳሎና ለሚቆፍሩት ለዴንማርካዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ለኤይናር ዲግቬና ለባልደረቦቹም በሩን ከፍተው ረዱ። ያገኙትን ለብቻ የመያዝ ጠባይ አልነበራቸውም።

ሐምሌ 29 ቀን 1934 በዛግሬብ ከተማ በ87 ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ ሳሎና ተመልሶ በማናስቲሪኔ፣ ከሰማዕቱ ባዚሊካ አጠገብ፣ ራሳቸው አስቀድመው ባዘጋጁት የመቃብር ቤት ውስጥ ከድንጋይ በተሠራ ሣጥን ተቀበረ። የጥንት ክርስቲያኖች በሰማዕታት አጠገብ ለመቀበር ይመኙ እንደ ነበረ ሲመረምሩ ኖረው በመጨረሻ የእነርሱ ጎረቤት ሆኑ። በመቃብራቸው ላይ በላቲን ቋንቋ የተጻፈው አጭር ቃል ሊቅነታቸውን አይናገርም፤ ኃጢአተኛና የማይገባው ካህን ብሎ ብቻ ይጠራቸዋል። የመጀመሪያው ጉባኤ ከተደረገ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ አሥራ ሦስተኛው የክርስቲያን አርኪዎሎጂ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ዳግመኛ በስፕሊትና በፖሬች ከተሞች ተሰብስቦ የዚያን ጅማሬ መቶኛ ዓመት አስቦ ውሏል።

ለእኛ የሚያስተምረን

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገሮችን ብንወስድ መልካም ይመስለናል። አንደኛው ስለ ማስተማር ነው። የቅዱሳንን ታሪክ ለሕፃናት የምንነግር ሁሉ የተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ፣ በትውፊት የሚነገረውንም በትውፊት እንደሚነገር አድርገን ብናስተምር እምነታቸውን አናደክምም። ይልቁንም ሕፃኑ አድጎ ሌላ መጽሐፍ ባነበበ ጊዜ መምህሬ አታለለኝ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን እንዳይርቅ እንጠብቀዋለን። ጌታችን እውነት እኔ ነኝ ብሎ ስላስተማረን እውነትን የሚፈልግ ሰው በመጨረሻ ከእርሱ ጋር ይገናኛል እንጂ አይለይም።

ሁለተኛው ስለ መመዝገብ ነው። አባ ፍራኔ ያን ሁሉ ያተረፉት ትንሽ የሚመስለውን ነገር ሳይንቁ በየጊዜው በመጻፋቸው ነው። በየቁምስናችንም የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦች፣ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎች፣ ሥዕሎች፣ የቀደሙ ካህናትና ምእመናን መቃብሮች አሉ። ሽማግሌዎችም ቤተ ክርስቲያኑ መቼ እንደ ተሠራ፣ ድንጋዩን ማን እንደ ተሸከመ፣ ደወሉን ማን እንደ ሰጠ ያስታውሳሉ። እነርሱ ሲያልፉ ዕውቀቱ አብሮ ያልፋል። አንድ ደብተር ገዝቶ የዕቃውን ስም፣ የመጣበትን ዘመን፣ የሰጪውን ማንነትና የነገረንን ሰው ስም ከቀኑ ጋር መጻፍ ከማንኛውም የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ዐቅም በላይ አይደለም። ያልታወቀው ሲኖርም ቦታውን ባዶ መተው ነው፤ በግምት መሙላት አያስፈልግም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጡ ምእመናን ደብተሩን አንሥተው የአባቶቻቸውን ስም ሲያነቡ የጻፈውን ሰው ያመሰግናሉ።

ዶምኒዮስን፣ አንስጣስዮስንና ስማቸው በድንጋይም በወረቀትም ያልቀረልንን ሰማዕታት ሁሉ ያከበረ እግዚአብሔር የአባ ፍራኔን ነፍስ ከእነርሱ ጋር ያሳርፍልን። እኛንም በእውነት ላይ የተመሠረተ እምነት ይስጠን፤ አሜን።